መሣሪያው «97» ሲል

የምሠራው ቀዶ ሕክምና ዋርድ ውስጥ ነው፤ ነርስ ነኝ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደርገው ተኝተው ነበር። ጨዋ ሰው ናቸው። ግን ገና መራመድ እንደቻሉ ወደ ግቢው ጓሮ ወርደው ማጨስ ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ቁስሉ እስኪድን እንኳ ቢተዉት» አልኳቸው።

ጣታቸውን አነሱልኝ። «ሲስተር፣ መሣሪያሽ እኮ 97 ይላል! ኦክስጅኔ ሙሉ ነው።»

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ አልፈርድባቸውም። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ግን የሚያየው የደሙን ቀለም ነው። ከሲጋራ ጭስ የሚገባው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ከኦክስጅን 200 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ነው። እሱን የተሸከመ ደምም ደማቅ ቀይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ኦክስጅን ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፤ የተሳፈረው ግን ሌላ ነው። ለሹፌር ይገባል ብዬ እንዲሁ ነገርኳቸው። ሳቅ ብለው ዝም አሉ።

ቁስል ደግሞ ኦክስጅን ይፈልጋል። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም የሚገድሉት በኦክስጅን በሚሠሩት መርዝ ነው። ኦክስጅኑ ካነሰ ጀርሙን ከበው ይይዙታል እንጂ በደንብ አይገድሉትም።

ጋሼ ስፌት ለማስፈታት ከተቀጠሩበት ቀን ቀድመው መጡ። ትኩሳት አላቸው። ፋሻውን ስፈታ መግል ፈሰሰ። ሐኪሙ ከስፌቱ ግማሹን ፈትቶ ቁስሉን ክፍት ተወው፤ በየቀኑ እየመጡ መታጠብ ግድ ሆነ። ሥራ ፈቱ ማለት ነው። የሲጋራው ጥፋት ብቻ ነው አልልም፤ ቁስል በብዙ ምክንያት ያመረቅዛል። ግን በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ ጥናት አለ። በ78 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ትንንሽ ቁስል ተሠራ። ከአጫሾቹ ቁስሎች 12 በመቶው ሲያመረቅዝ፣ አጭሰው ከማያውቁት 2 በመቶው ብቻ ነው። ለ4 ሳምንት ያቆሙት ላይ ማመርቀዙ በጣም ቀነሰ። ካቆሙት መካከል የኒኮቲን ፕላስተር የለጠፉትና ያልለጠፉት ደግሞ ልዩነት አልነበራቸውም። ይህን ለታካሚ ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ያለ ኒኮቲን አልችልም የሚል ሰው አለና።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። የጋሼ ቀጠሮ የተያዘው ከሁለት ወር በፊት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ወረፋ ሲጠብቁ «ያጨሳሉ ወይ?» ያላቸው የለም። የተጠየቁት በኦፕራሲዮኑ ዋዜማ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚወጣ የዋዜማ ሌሊትም ይጠቅማል። ለቁስሉ ግን ሳምንታት ያስፈልጋሉ።

ነገሩን ለዋርዱ ስብሰባ አቀረብኩት፤ ሐኪሞቹም ተስማሙ። አሁን ጥያቄው የሚጠየቀው ቀጠሮ በሚሰጥበት ቀን ነው። የሚያጨስ ሰው ካርዱ ላይ ሁለት ቀን ይጻፍለታል፤ የኦፕራሲዮኑ፣ እና ከዚያ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድሞ ሲጋራ የሚያቆምበት።