የአገዳው ጭቅጭቅ

የምሠራው ወሎ ውስጥ፣ ቆላው በኩል ባለ አንድ የዩኒቨርሲቲ የምርምር እርሻ ላይ ነው። የሥራ መደቤ የመስክ ቴክኒሻን ይባላል። ተማሪ ለመመረቂያው ሙከራ ሲሠራ ገመድ የምወጥር፣ ታፔላ የምተክል፣ ዘር የምቆጥር፣ ወፍ ጠባቂ የማፈላልግ ሰው ነኝ በአጭሩ። ጥናቱ ሲታተም "ለትብብራቸው እናመሰግናለን" ከሚባሉት ውስጥ ነኝ። እሱም ከተባለ ነው።

አንድ ዓመት አንድ የማስተርስ ተማሪ የማሽላ ዝርያዎችን ሊያወዳድር መጣ። አብዛኞቹ ቶሎ የሚደርሱ፣ አጫጭር፣ የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው። መልካም የምትባለዋም ነበረችበት። ለማወዳደሪያ ደግሞ የአካባቢው ረጅሙ ማሽላ፣ ደጋሊት፣ ገባ። በረድፍና በረድፍ መካከል 75 ሳንቲሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 15። ሁሉም በሐምሌ፣ በአንድ ቀን ተዘራ። ደንቡ ነው።

አጫጭሮቹ ቀድመው ስለሚደርሱ የአገሩ ወፍ በሙሉ እነሱ ላይ ሰፈረ። ጠባቂው ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ሲያስጮህ ይውላል። ወደ ደጋሊቱ ግን ዞር ብሎም አያይም። ገና አበባ ላይ ያለ ማሽላ ምን ወፍ ይመጣበታል! ተማሪው ደጋሊቱን የሚጠላበት የራሱ ምክንያት ነበረው። ቁመቱ አጠገቡ ያሉትን አጫጭሮች እያጠላባቸው አስቸገረው።

ኅዳር ላይ ዛላው ተቆረጠ፣ ደረቀ፣ ተወቃ፣ ተመዘነ። የእርጥበቱ መጠን ወደ 12.5 በመቶ ተስተካክሎ በኩንታል ሲሰላ ደጋሊት መጨረሻ ወጣ። ዝናቡ ቀድሞ ስላቋረጠ ዛላው በቅጡ አልሞላም። ተማሪው ደስ አለው፣ አማካሪውም ደስ አላቸው።

ጭቅጭቁ የተነሣው በማግስቱ ነው። በኛ እርሻ ዛላው ከተነሣ በኋላ አገዳውን የቀን ሠራተኞቹ ይወስዱታል። የትም አልተጻፈም፣ ግን ከድሮም እንደዚያው ነው። ጠዋት ስደርስ ሁለት ሴቶች አንድ ነዶ አገዳ ወዲያና ወዲህ ይዘው ይጎተታሉ። "እኔ ነኝ ቀድሜ ያሰርኩት!" "ማን አይቶሽ!" ሌሎቹ ከበዋቸዋል፣ ዘበኛው መሐል ገብቶ ይለምናል። ጠጋ ብዬ ሳይ ነዶው የደጋሊት ነው። ዙሪያዬን ቃኘሁ። የደጋሊቱ የሙከራ መደቦች ተላጭተዋል። የመልካም አገዳ ግን እንዳለ ቆሟል፣ የነካው የለም።

ተማሪው ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ደረሰ። "ምን ያጣላችኋል? ያም አገዳ፣ ያም አገዳ" አለ።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው ቀረብ አሉት። "ልጄ፣ ይሄ ቅጠሉ ለላም ነው። ግንዱ ጣራ ይሆናል፣ አጥር ይሆናል፣ የተረፈው ማገዶ ነው። ያኛውስ ምን ይሆናል?"

"እህሉስ፣ እማማ? እህል የሰጠው እኮ ያኛው ነው።"

"እህሉማ ለኛ። ላሟስ ምን ትብላ?"

ተማሪው ዝም ሲል ሴትዮዋ ቀጠሉ። "ደሞ ይሄን ማን በሐምሌ ይዘራል? በሚያዝያ ነው የሚዘራው። በሐምሌ ዘርታችሁት አልሞላም ትላላችሁ።" "በልጉ ሲቀርስ?" አላቸው። "ሲቀርማ የናንተን እንዘራለን። ምን ምርጫ አለን?"

እዚህ ላይ ለተማሪው ልከራከርለት። ቆላው ላይ በልግ ሲከዳ፣ በአጭር ዝናብ የሚደርስ ዝርያ ባይኖር ሰው ጦሙን ያድር ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። የመመዝገቢያ ቅጻችን ላይ የአበባ ቀን፣ ቁመት፣ የዛላ ርዝመት፣ የፍሬ ክብደት የሚሉ ዓምዶች አሉ። አገዳ የሚል የለም። ዓምድ የሌለው ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ እንደሌለ ይቆጠራል።

በአገራችን የኮሌጅ እርሻ ሲጀመር አሳቡ እንዲህ አልነበረም። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሲቋቋም ማስተማሩም፣ ምርምሩም፣ ገበሬውን ማማከሩም በአንድ ጣራ ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ገበሬውን የማማከሩ፣ የኤክስቴንሽኑ፣ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ። በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ለብቻው ተቋቋመ። ለዚያ ጊዜ ምክንያት ነበረው። ግን ዝርያ የሚሞክረው ሌላ፣ ገበሬ ቤት የሚገባው ሌላ ሲሆን፣ ስለ ላሟ የሚጠይቅ ሰው መሐል ላይ ይጠፋል።

የኛ ላሞች እንኳ ከማሽላው የሚለያቸው አንዲት አጥር ናት። የወተት ላሞቹ ክፍል በዚያው ዓመት እስር ድርቆሽ ከደጋ በመኪና እያስጫነ ይገዛ ነበር። እኛ አጥሩ ማዶ አገዳ ያጣላናል። የእጽዋትና የእንስሳት ትምህርት ክፍሎች ደግሞ የሚገናኙት ለቅሶ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሚቀጥለው ወቅት ሌላ ተማሪ መጣ። አማካሪውን ለምኜ ቅጹ ላይ የአገዳ ክብደት የሚል ዓምድ አስጨመርኩ። አሁን ደግሞ ሚዛን የለንም። የኛዋ የእህል ናት። ተንጠልጣይ ሚዛን ያለው፣ ጥጃ የሚመዝኑት፣ የላሞቹ ክፍል ነው። ኃላፊው ጋ ሄድኩ። ከልባቸው አዳመጡኝ፣ ነገሩም ገባቸው። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባቸው። "ሚዛኑ ይሰጣችኋል። አገዳው ግን ከተመዘነ በኋላ ለላሞቹ ገቢ ይሁን" የሚል ደብዳቤ ጻፉ፣ ከነግልባጩ።

አመጣሁላችሁ ልል የሄድኩት ሰውዬ አስወሰድኩባቸው ማለት ነው። ሴቶቹ ሲሰሙ በማግስቱ ለአረም አንዳቸውም አልመጡም። ኃላፊውን ተመልሼ ለመንኩ። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ቢቀሩ አገዳውም አይኖር" አልኳቸው። ብዙ ተባብለን ተስማማን። ለመረጃ የሚመዘኑት የመሐል ረድፎች ለላሞቹ፣ የዳርና የዳር ረድፎች ለሠራተኞቹ። የዳሩ እንደሆነ አይመዘን፣ ከቁጥር አይገባ፣ ምን ቸገረኝ ብለው ነው ኃላፊው የፈረሙት።

ለሴቶቹ ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። የዳር ተክል ፀሐይም ቦታም ስለሚያገኝ ከመሐሉ ይወፍራል። እኛም ከሚዛን የምናወጣው ለዚሁ ነው፣ ውጤት ያዛባል ብለን። ደጋሊት ሲሆን ደግሞ ጎረቤቱ አጭር ነውና የሚከልለው የለም። ጠና ያሉት ሴትዮ ለአረም ከመግባታቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ደጋሊቱ ስንት ቦታ ነው የተዘራው?"