ፕላኑ ላይ 3 በ3 ተኩል ነበር

ልጆቼ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ አይራመዱም፤ ይዘላሉ። ከበሩ ወደ አንዱ አልጋ፣ ከዚያ ወደ ሌላው፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ። እንግዳ ሲያያቸው «ምን ዓይነት ቀበጦች ናቸው» ይላል። ቅብጠት አይደለም። በሁለቱ አልጋዎች መሃል ያለው ክፍተት 20 ሳንቲም ነው። ያንን ክፍተት የፈጠርኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ ገንዘቤ።

ቤት ልትሠሩ የምታስቡ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። እኔን ማንም አልነገረኝም። እሺ፣ አንድ ሰው ነግሮኛል። እሱ ላይ እንደርሳለን።

ሌላውን በአጭሩ ልጨርሰው። በ2006 በማኅበር ተደራጀን። ቆጠብን፣ ጠበቅን፣ ዕጣ ወጣ፣ ካርታ ተሰጠን። 200 ካሬ፣ 10 በ20። ከተማዋ ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ ናት፤ ስሟን የተውኩት አሁንም እዚያው ስለምኖርና የቢሮ ጉዳይ ስለማያልቅ ነው። መስኮት በምታወጡበት ጎን 2 ሜትር ራቁ ስለተባልን የቤቱ ወርድ 8 ሜትር ሆነ። ፕላን አሠራን፣ ፈቃድ ወጣ፣ በ2010 መሠረት ቆፈርን፣ መስከረም 2012 ገባን። ስለ ብረት፣ ስለ አሸዋ፣ ስለ ጥበቃው ደመወዝ ሌላ ሰው ይጻፍ።

የክፍሎቹ ስፋት የተወሰነው አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ካፌ ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴና ኢንጂነሩ። ስለ ሳሎኑ አንድ ሰዓት ተከራከርን። ለቅሶ ቢመጣስ? ክርስትናስ? የባለቤቴ የማርያም ማኅበር ተራ ሲደርሳትስ? 5 በ7 ይሁን ተባለ። ቀጥሎ ማስተር ቤድሩም፤ 4 ከ20 በ4 ተኩል፣ ከነሻወሩ። ቀጥሎ ወጥ ቤት። የልጆቹ ክፍል ላይ ስንደርስ ማኪያቶው በርዷል። «ልጆች አይደሉ እንዴ፣ 3 በ3 ተኩል ይበቃቸዋል።» ማን አለ? እኔ። «የእንግዳ ክፍሉስ?» «3 በ3።» ሁለቱ ክፍሎች አምስት ደቂቃ አልፈጁም።

ለንደን ያለችው እህቴ በግንባታው ገንዘብ አግዛናለችና ፕላኑን ላኩላት። «የልጆቹ ጠበበ» አለች። እሷ ጋ ለአዲስ ቤት መለኪያ አለ፤ እነሱ አቆጣጠር በ2015 የወጣ ነው። የአንድ ሰው መኝታ ቢያንስ 7.5 ካሬ፣ ወርዱም ከ2 ሜትር ከ15 የማያንስ። እኔ 7.5 የሚለውን ብቻ ሰማሁ። ለንደን በ7.5 ካሬ ከተኖረ የኔ ልጆች 10.5 ካሬ ይዘው ምን ሊሆኑ ነው? መልእክቷን እስከ መጨረሻው ባነበው ኖሮ የሁለት ሰው መኝታ 11.5 ካሬ ይላል። እሱም ያለቀለት ክፍል ውስጡ ተለክቶ ነው። የኔ 10.5 ውስጡ አልነበረም። ይሄን ያወቅኩት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ነግሮኛል ያልኩት ሰውዬ። ፎርማኑ ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ኖራ ተበትኖ ሲባጎ በተወጠረበት ቀን የልጆቹ ክፍል ውስጥ ገብቶ ቆመ። ወደ አንዱ መስመር ሁለት እርምጃ፣ ወደ ሌላው ሁለት እርምጃ ሄደ። «ልጄ፣ ይቺ ክፍል አልጋ አትችልም» አለኝ።

ሳቅኩ። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ የሚላችሁን አንድ ነገር ሰምቼ ነበር፤ መሠረት ሁልጊዜ ትንሽ ይመስላል፣ ግድግዳው ሲነሳ ይሰፋል። እውነት ነው፣ ይሰፋል። ግድግዳው ሲቆም ሰፋ። ሲለሰን፣ ቀለም ሲቀባ ደግሞ ጭራሽ አዳራሽ መሰለኝ፤ ድምፄ ያስተጋባ ነበር። ማንም ያልነገረኝ ሦስተኛውን ነው፦ ዕቃ ሲገባ ተመልሶ መሠረቱን ያክላል። ያ ኖራ ነበር እውነቱን የተናገረው።

ደግሞ ሰበብም ነበረኝ። መስመሩን እንግፋው ብል ፕላኑ የጸደቀ ነው። ከነካሁት ማሻሻያ አስገባለሁ፣ ማሻሻያው እንደገና ወረፋ ይይዛል። የመጀመሪያው ፈቃድ ሁለት ወር አመላልሶኛል። ፕላኑን ያዩት ባለሙያ መስኮት መኖሩን ጠየቁ፣ ከአጥር ያለውን ርቀት ለኩ፣ ፊርማ ጎድሏል ብለው መለሱኝ። አልጋው የት ነው የሚቀመጠው ብሎ የጠየቀ የለም። ማኅተሙን ሳይ ግን አንድ የተማረ ሰው አስቦበታል ብዬ ተዝናናሁ። ማኅተም ስለ አልጋ አያውቅም።

ጉዱ የወጣው ቁም ሳጥን ሠሪው የመጣ ቀን ነው። አናጢው ሜትሩን ዘረጋና «2 ከ80» አለ።

«3 ሜትር ነው» አልኩት።

እንደገና ለካ። 2 ከ80። ሜትሩን ተቀብዬ ራሴ ለካሁ፣ ከላይ፣ ከመሃል፣ ግድግዳው ግርጌ ካለው ዞኮሎ በላይ። 2 ከ80። በሌላው በኩል 3 ከ50 የተባለው 3 ከ27 ሆኖ ተገኘ። የሰረቀኝ ግንበኛ ማን እንደሆነ እያሰብኩ ፕላኑን አወጣሁ። ቁጥሩ እዚያው አለ፣ 3.00። ኢንጂነሩ ጋ ደወልኩ።

«አዎ፣ እሱ እኮ አክሲስ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። «ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።»

ሁሉም ሰው ማለት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እናንተ እንድታውቁት። ፕላን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከአንዱ ግድግዳ መሃል እስከ ሌላው ግድግዳ መሃል ነው። የግድግዳው ውፍረት ግማሹ ከናንተ ክፍል ይቆረጣል። የኛ የውስጥ ግድግዳ ባለ 15 ብሎኬት ነው፤ ከሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ሲቀነስ 15 ሳንቲም ሄደ። ልስኑ በየጎኑ ሁለት ሳንቲም ተኩል ወሰደ። 3 ሜትር 2 ከ80 ሆነ ማለት ነው። የውጩ ግድግዳ ባለ 20 ስለሆነ በዚያ በኩል የባሰ በላ። 10.5 ካሬ የተባለው ክፍል ወደ 9.15 ወረደ። ማንም አልሰረቀኝም። ማንበብ ያልቻልኩትን ወረቀት ፈርሜ ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ኮለኑ፣ ማለትም ቤቱን የሚሸከመው የኮንክሪት ምሰሶ፣ አለ። ኮለናችን 30 በ30 ነው፣ ግድግዳው 20። ትርፉ 10 ሳንቲም የት ይሄዳል? ከውጭ በኩል ቤቱ እንዲያምር እኩል ተደርጎ፣ ወደ ክፍሉ ውስጥ ወጣ። ሁለቱ ማዕዘኖች ላይ እንደ ጉልበት ቀርቷል። አልጋው ግድግዳውን አይነካም፤ ኮለኑን ይነካና ይቆማል። ከራስጌው ኋላ 10 ሳንቲም ጉድጓድ ይተርፋል። ትራስ፣ ካልሲ፣ የሒሳብ ደብተር፣ አንድ ጊዜም የእናቴ መነጽር ከዚያ ወጥቷል።

አልጋዎቹ ደግሞ የአማቴ ስጦታ ናቸው። ዋንዛ፣ ባለ 1 ከ20፣ ከነፍሬማቸው 1 ከ30። ሁለቱ ጎን ለጎን 2 ከ60 ይወስዳሉ። 2 ከ80 ሲቀነስ 2 ከ60፤ እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ 20 ሳንቲም ይቺ ናት። ተደራራቢ አልጋ ግዛ ትሉኝ ይሆናል። እስኪ አማቴን እናንተ አናግሯት። ከግርጌ እስከ ቁም ሳጥኑ ስናሰላ 52 ሳንቲም ቀረ። የቁም ሳጥን አንድ በር 50 ሳንቲም ነው። አናጢው ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና «ታዲያ በሩ ይከፈት ወይስ ሰው ይቁም?» አለኝ። ዛሬ ቁም ሳጥኑ በር የለውም። መጋረጃ ነው።

ግድግዳውን ወደኛ ክፍል ለመግፋት አስጠየቅኩ። ብሎኬቱ ጣሪያ አይሸከምም፣ ይፈርሳል። ግን የመብራቱ መስመር ውስጡ አለፈ፣ ሴራሚኩ ተነጠፈ፣ ኮርኒሱ ተመታ፣ ኮለኖቹ ደግሞ እዚያው መስመር ላይ ቆመው ይቀራሉ። የተጠየቅኩትን ዋጋ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይሄን ታነባለች። ኖራው ላይ ቢሆን ካስማ መንቀል ብቻ ነበር።

የተረፈው ቦታ የት ሄደ? ማስተር ቤድሩም ውስጥ ነው። የኛ አገር ብርድ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጥንት ይሰብራል፤ ሰፊ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ አይሞቅም። እኔና ባለቤቴ ከክፍሉ አንዱን ጥግ ብቻ ነው የምንኖርበት። በሌላው ጥግ ካውያ የሚጠብቅ ልብስ ተከምሯል። «ማስተር ሰፊ ካልሆነ ቤቱ አይሸጥም» የሚሏችሁን አትስሙ። እኔ ልሸጥ አልሠራሁትም። 3 ከ60 በ3 ከ60፣ ውስጡ ተለክቶ፣ ለደጋ ሰው ይበቃል።

ሳሎኑም ያው ነው። በስድስት ዓመት ሁለት ለቅሶ ተቀመጥን። ሁለቱም ጊዜ እድሩ ድንኳኑን ደጅ ተከለ፣ ሰው እዚያ ዋለ። ለድንኳን ሥራ 35 ካሬ ሰጥቼ የልጆቼን እግር አሰርኩ። አንድ ሜትር ከሳሎን ቢነሳ ማንም አይጎዳም ነበር።

ከልጆቹ በላይ የሚቆጨኝ ግን የእንግዳ ክፍሉ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ፣ በ2013፣ እናቴ እኛ ጋ ጠቅልላ መጣች። 3 በ3 የተባለው ክፍል የእሷ ሆነ። መኝታ ነው፣ ትተኛበታለች ብዬ ነበር። እናቴ ግን ክፍሏ ውስጥ ከመተኛት ሌላ ብዙ ሥራ አላት። ሌሊት አሥር ሰዓት ትነሳለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች፣ ሥዕለ አድኅኖዋ ፊት ቆማ ትጸልያለች። ጾም ሲገባ ትሰግዳለች። ስግደት ወደ ምሥራቅ ነው፤ በምሥራቁ በኩል ያለው አልጋው ነው። በአልጋውና በቁም ሳጥኑ መሃል የቀረው 90 ሳንቲም። በሜትር መለካት ነውር ስለሆነ በዓይኔ ለካሁ፤ አንድ ስግደት ሜትር ተኩል ቦታ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሁዳዴ አንድ ሌሊት ሳሎን ኮሽታ ሰማሁ። ስወጣ እናቴ በጨለማ፣ ሶፋውንና ጠረጴዛውን ገፍታ፣ ቀዝቃዛው ሴራሚክ ላይ ትሰግዳለች።

«እማዬ፣ ምነው እዚህ?»

«እንዳልቀሰቅሳችሁ ብዬ ነው ልጄ» አለች። የእሷ ክፍል ከኛ ይርቃል፣ ሳሎኑ ነው የሚቀርበን። ውሸቷን እሷም እኔም አውቀነዋል። አልጋውን በሌላ በኩል አዙረን ሞክረናል፤ በሩ አልከፈት አለ።

እናም ፕላን ልታሠሩ ስትሄዱ «ስንት ካሬ ይሁን» ብላችሁ አትጀምሩ። ካሬ ሰውን ያታልላል። ረዥም ቀጭን ክፍልም 10 ካሬ ነው፣ አልጋ ግን አያዞርም። ያላችሁን አልጋ ለኩ፣ ፍራሹን ሳይሆን ፍሬሙን። የቁም ሳጥን ጥልቀት 60 ሳንቲም ያዙ፣ ፊቱ ሰው ቆሞ በር የሚከፍትበት ደግሞ ቢያንስ 80። ክፍሉ የማን እንደሆነ፣ ከመተኛት ሌላ ምን እንደሚሠራበት ራሱን ባለቤቱን ጠይቁት። ከዚያ ለኢንጂነሩ «ከልስን እስከ ልስን ይሄን ያህል እፈልጋለሁ» በሉት። ፊቱን ያጨማድዳል። ያጨማድድ።

አብሮን ዕጣ የደረሰው አንድ ጎረቤቴ ቦታውን እስካሁን አጥሮት ከርሞ ዘንድሮ ሊጀምር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሜትርና ግማሽ ከረጢት ኖራ ይዤ ሄድኩ። ፕላን ገና አላሠራም። ሣሩ ላይ የልጆቹን ክፍል 3 በ3 ተኩል አሰመርኩ፣ የግድግዳውን ውፍረት ቀነስኩ፣ ኮለኖቹን አስገባሁ፣ አልጋዎቹን በኖራ ሣልኩ፣ ቁም ሳጥኑንም። ጥበቃው ቆሞ ይስቅብኛል። የጎረቤቴ ሚስት ጫማዋን አውልቃ በበሩ ገባች። ቁም ሳጥኑ ፊት ቆመች፣ እጇን ዘርግታ በአየር ላይ በሩን ሳበችው። ለመክፈት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ወደ እግሯ ተመለከተች፤ አልጋው ላይ ቆማለች።

«ይሄን መስመር ወደ ሳሎኑ ግፉልኝ» አለች።