ጊዜዬን እንደ ደረሰኝ ያወራረድሁበት ክረምት

ሰኔ 28 ማታ ከመሥሪያ ቤት ስገባ ሊጡ ከቡሃቃው ገንፍሎ የማድ ቤቱ ወለል ላይ ተኝቶ ጠበቀኝ። ሦስት ሰዓት አልፏል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ እኛ የሒሳብ ክፍል ሰዎች በዚያ ሰሞን ቤታችንን የምናውቀው ለመኝታ ብቻ ነው። ትንሿ ልጄ እራቷን ሳትበላ ተኝታለች። ባለቤቴ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ነው። አማቴ ከመደባቸው ቀና ብለው "ሊጡ እኮ ከቀትር ጀምሮ ነው የሚገነፍለው" አሉኝ። ለነገር ብለው አልነበረም፤ እኔ ግን ወለሉን እየጠረግሁ አለቀስሁ።

ከዚያ በፊት ጊዜ ሲያጥረኝ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነበር፤ ቀድሞ መነሳት። ሁለተኛዋን ልጅ ከወለድሁ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቻለሁ። (ለአባት ያኔ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 10 የሥራ ቀን ነበር። ባለቤቴ መምህር ነው፤ አሥሩን ቀን አራስ ጠያቂ ሲቀበልና ሲሸኝ ጨረሳት።) ቀድሜ በመነሳቴ ያተረፍሁት ነገር ቢኖር ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ማንጎላጀት ነው። አንድ ቀን ያንኑ ክፍያ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ልዩነቱን ስፈልግ አመሸሁ። ከእንቅልፌ የቆረጥሁት ሁለት ሰዓት እዚያው ሄደ።

ሐምሌ ላይ ቢሮው ፋታ ሲያገኝ አንድ ደብተር ገዛሁ። የሰው ገንዘብ በየሳንቲሙ የማወራርድ ሴት የራሴን ጊዜ አንድም ቀን አወራርጄው አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን እንደሠራሁና ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፍሁ። "ማለዳ" ወይም "ማታ" ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ደቂቃው ነው ጉድ የሚያወጣው።

ሌባው ቡና ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። ከጎረቤቶቼ ጋር ቅዳሜና እሑድ የምጠጣው ቡና ሲደመር ያን ያህል አይደለም፤ ኋላ እንጀራ የምትጋግርልኝን ሴት ያገኘሁትም እዚያው ረከቦት ዙሪያ ነው። እውነተኛው ሌባ ሱቅ ነበር። በአንድ ሳምንት 11 ጊዜ ሱቅ ወርጃለሁ፤ ለሽንኩርት፣ ለጨው፣ ለከሰል፣ ለክብሪት። ሁለተኛው ደግሞ ያቺ "ዛሬ ምን ይሠራ?" የምትል ጥያቄ ናት። ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ የሚሄድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እሷን ሳብሰለስል እቆይና ቤት ስገባ ገና አልወሰንሁም።

መልሱን ያገኘሁት ረቡዕ ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ ማንም ምን ይሠራ ብሎ አይጠይቀኝም፤ ጾም ነው፣ ሽሮ ወይም ምስር ነው፣ አለቀ። ታዲያ ሁለቱን ቀን ቤተ ክርስቲያን ከወሰነችልኝ የቀሩትን እኔ ብወስናቸው ምን አለ? ወረቀት ላይ ጽፌ በሩ ጀርባ ለጠፍሁት። ልጆቹ ማክሰኞን አይወዱትም፤ ጎመን ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ቁሌት ነው። እሑድ ከሰዓት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ በዘይትና በበርበሬ በደንብ አቁላላና በየዕቃው ከፋፍዬ ፍሪጅ አስገባለሁ። በቅቤ አላቁላላም፤ በዘይት ከሆነ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል፣ ቅቤው ለፍስክ ቀን ኋላ ይጨመራል። ከሥራ ገብቼ ሽሮ ለማቅረብ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል። ሽንኩርቱንም ቅዳሜ ገበያ በአንድ ጊዜ ስለምገዛው የሱቁ ምልልስ በግማሽ ቀነሰ።

እንጀራው ላይ ጦርነት ነበር። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ስለሚሰካ መብራቱ ይደክማል፤ ምጣዱ አልግል ብሎ አንዱን እንጀራ አምስት ደቂቃ እጠብቀዋለሁ፣ ዓይኑም አይወጣም። እየተከፈላት የምትጋግር ሴት አለች ብዬ ባነሳ አማቴ "እኔ በሕይወት እያለሁ የገበያ እንጀራ?" አሉ። ሦስት ሳምንት አልተነሳም። ከዚያ "ጤፉ የእኛ፣ ሊጡም በእርሰዎ እጅ ቢሆንስ?" አልኋቸው። አሰቡበት። አሁን ዱቄቱን የሚያቦኩት፣ በሦስተኛው ቀን አብሲት የሚጥሉት እርሳቸው ናቸው። በክረምት ብርዱ ሊጡን ሲያዘገየው ደግሞ አንድ ቀን ይጨምሩለታል። ሴትዮዋ ሊጡን ወስዳ ጋግራ ትመልሳለች፤ የምንከፍላት በእንጀራ ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ቀን አማቴ እንጀራውን ገልብጠው አዩና "እጇ አይከፋም" አሉ። ከእርሳቸው አፍ ይህ ሙገሳ ነው።

ለባለቤቴ የደረሰው ውሃ ነው። በፈረቃ ስለሚመጣ በመጣ ቀን በርሜሉን መሙላት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ረሳ። ወጥቼ ልሞላው እጄ ተነሳ፤ ሰበሰብሁት። እውነቱን ልናገር፣ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ያን ጊዜ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሁለት ቀን በባጃጅ ጀሪካን ሲያመላልስ ሰነበተ፤ ከዚያ ወዲህ ቧንቧው ሲያፏጭ ከእኔ ቀድሞ ይሰማዋል። ለካ እምቢ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔ ነኝ "ይህ ያንተ ነው" ብዬ የማላውቀው። ምናልባት በጀ ባይለኝስ ብዬ ፈርቼ ይሆናል።

ያልቻልሁት ለቅሶ ነው። ዕድርተኛ ሞቶ ደብተር አይከፈትም። ስለዚህ የሐሙስን ምሽት ባዶ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ በሳምንቱ የተበላሸው ሁሉ እዚያ ይከማቻል፣ ካልተበላሸ ደግሞ እግሬን ዘርግቼ እተኛለሁ። የጥምቀት ሰሞን ግን ወረቀቱን ከበሩ ጀርባ አነሳዋለሁ። ጎንደር ሁሉ እንግዳ በሚሆንበት ሳምንት፣ ዘመድ ከየአገሩ ለፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲመጣ፣ ፕሮግራም አለኝ ማለት ራስን ማሳቅ ነው።

ዘንድሮም ሰኔ 28 ደረሰ። ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ ልጆቹ በልተው ተኝተዋል፣ ወለሉ ደረቅ ነው። ሊጡ ሊገነፍል ሲል ባለቤቴ አይቶት ግማሹን በሌላ ዕቃ ቀንሶታል። የቀነሰበት ዕቃ ግን ካልሲ የምናጥብበት ባልዲ ነው። አፌን ስከፍት አማቴ ከመደባቸው በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ። ጠዋት እርሱ ሲወጣ ሁለታችን ጓሮ ወስደን ደፋነው።