ዛሬ ምን በደንብ ሠራሁ?

ሰሞኑን ማታ ማታ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ። በቀኑ ውስጥ ሠራተኞቼን በደንብ የመራሁበትን አንድ ነገር እጽፋለሁ። አንድ ብቻ። ቀላል ይመስላል፤ እስቲ ሞክሩት! እጄ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ጥፋቴ ነው።

ምን ይደረግ፣ የለመድነው ግምገማ እንዲህ ነው። ሂስና ግለ ሂስ ሲባል ተነስተህ ድክመትህን ትዘረዝራለህ። መልካሙን ካነሳህ ጉረኛ ነህ። ቅጹ ላይ «ጠንካራ ጎን» የሚል ቦታ ሲመጣ ሁላችንም «ሰዓት ማክበር» ብለን እናልፋለን። (የሚያረፍደውም ጭምር።)

የምሠራው ከጅማ ወጣ ብሎ ቡና ማድረቂያ ላይ ነው። ጅማ ደግሞ በለቀማው መሀልም ዝናብ አታጣም። ሐሙስ ከሰዓት ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። የታጠበው ቡና ማድረቂያ አልጋው (ከመሬት ከፍ ያለው ቆጥ) ላይ ተሰጥቷል፤ እርጥበቱ ገና ወደ 12 በመቶ አልወረደም። አሁን ዝናብ ቢመታው ሻጋታ ነው ትርፉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሴቶቹ ላስቲኩን ግራና ቀኝ ይዘው አለበሱት።

ማታ «ሠራተኞቹ ጎበዞች ናቸው» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው። የእኔ ድርሻስ? ትንሽ አሰብኩና ጨመርኩበት፦ «እያንዳንዱን አልጋ ለሁለት ሰው በስም ደልድያለሁ። ላስቲኩ መጋዘን ከሚገባ እዚያው አልጋው ሥር ይቀመጥ ብያለሁ።» ነገ ሌላ ጣቢያ ብመደብ ይህንኑ አደርጋለሁ። «ጎበዝ አለቃ ነኝ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ምን ይጠቅመኛል?

ቡና ቀማሾችን አስባለሁ። ከ100 በሚሰጠው ነጥብ መጀመሪያ መዓዛውን፣ ጣዕሙን፣ አሲዳማነቱን እያሉ ይደምራሉ። እንከን ካለ መጨረሻ ላይ ይቀንሳሉ። 80 የደረሰው ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና ይባላል። እኔ ራሴን ስገመግም ቅነሳውን ብቻ ነበር የማውቀው።

ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ሁሉም በሳምንቱ በደንብ የሠራውን አንድ ነገር ይናገር አልኩ። ዝም ዝም ሆነ። ከዚያ ሚዛን ላይ የሚሠሩት ጋሼ፣ «እኔ ያልበሰለው አረንጓዴ ፍሬ ተለይቶ ሳይወጣ እሸት ቡና አልመዘንኩም። ገበሬው ቢቆጣም» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ይህን አላውቅም ነበር። ደብተሬ ላይ በስማቸው አሰፈርኩት፤ ሰኞ ደግሞ ገበሬ ሲያኮርፍ እኔ ራሴ ሚዛኑ ጋ ቆሜ አስረዳለሁ።