ፊላግሪንን ስቆጥር ሰነበትኩ፦ የሦስተኛው ሳምንት ማስታወሻ

በጥናት ቡድናችን አንድ አንድ ጂን መርጠን ከሥሩ እናጥና ስንባባል እኔ ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን የሚሠራውን ጂን ያዝኩ። ምክንያቴ የቤት ነው። የዚህ ጂን መሰናከል ከችፌ ጋር ይያያዛል፣ የእህቴ ልጅም ችፌ አለበት፤ ክረምት ከበጋ ቅባት እየተቀባ ነው ያደገው።

የፕሮቲኑን ሥራ መረዳት ብዙ አላስቸገረኝም። የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ከሥር ወደ ውጭ ሲገፉ ፊላግሪን ኬራቲን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን ክሮች አንድ ላይ አስሮ ያጠብቃል፣ ሕዋሱም ይጠፈጠፋል። ሲጨርስ ራሱ ይፈራርስና ከአሚኖ አሲዶቹ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ቁርጥራጮች) የሚገኘው ነገር በቆዳው ውስጥ ውሃ ይይዛል። (ሞቶም ያገለግላል፤ ይህን ሳነብ ወደድኩት።)

ያደከመኝ ጂኑ ነው። ክሮሞሶም 1 ላይ፣ 1ኪው21 በሚባለው ቦታ ይገኛል። ኤክሶኖቹ (ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉት የጂኑ ክፍሎች) ሦስት ብቻ ሲሆኑ ፕሮቲኑ ከሞላ ጎደል የሚጻፈው በግዙፉ ሦስተኛ ኤክሶን ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮፊላግሪን የተባለው ረጅም ቅድመ-ፕሮቲን ነው፤ በውስጡ 324 አሚኖ አሲድ ያለው አንድ ዓይነት ቁራጭ እየተደጋገመ ተቀጣጥሏል። ድግግሞሹ በአንዱ ሰው 10፣ በሌላው 11 ወይም 12 ነው። ቅደም ተከተሉን ከራሱ ጋር አነጻጽሬ የተመሳሰለበትን ሁሉ በነጥብ ሳስለው ገጹ በሰያፍ መስመር ሞላ፤ ትልሙ እኩል የወጣ ማሳ መሰለ። ኮዴ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ምሽት አቃጠልኩ። ለካ ትክክል ነበር! ቁራጮቹ ይህን ያህል ስለሚመሳሰሉ ነው ጂኑን ማንበብ ተመራማሪዎችንም ያስቸገረው። በስኮትላንድ ዳንዲ የእነ ኧርዊን ማክሊን ቡድን ሁለቱን ታዋቂ ሚውቴሽኖች (ጂኑን የሚያሰናክሉ የፊደል ለውጦች) ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ከሁለቱ አንዱን፣ አር501ኤክስን፣ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ ልፈልገው ተነሣሁ። መግለጫው 1501ኛው የዲኤንኤ ፊደል ሲ ወደ ቲ ይለወጣል ይላል፤ እኔ ግን ጂ አገኘሁ። ፓይተን ከዜሮ እንደሚቆጥር እያወቅኩ ረስቼው ነው፤ መጻፍ የነበረብኝ 1500 ነው። ሲጂኤ የሚለው የሦስት ፊደል ቃል ቲጂኤ ሲሆን አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ የነበረበት ቦታ "አቁም" ይሆናል። ይህም የሚሆነው ገና በመጀመሪያው ድግግሞሽ ላይ ስለሆነ ከዚያ የጂኑ ቅጂ ፊላግሪን አይገኝም።

እዚህ ስደርስ የልጁን ችፌ የፈታሁት መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ በኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት አገኘሁ። ከአንድ አዲስ ሚውቴሽን በቀር ጂኑን የሚያሰናክል ሌላ ለውጥ አላገኙም። እነዚያ አውሮፓ ውስጥ የተለመዱት ሁለቱም የሉም። ለእህቴ ስነግራት፣ "እና ቅባቱን ልተወው?" አለችኝ። አትተይው አልኳት፤ የጂኑ ነገር እንዲህም ሆነ እንዲያ ቆዳው ድርቅ ማለቱ አልቀረም።

ለሚቀጥለው ሳምንት የያዝኩት እዚያው 1ኪው21 ላይ ያለውን ጎረቤቱን፣ ሎሪክሪን የተባለውን ሌላ የቆዳ ጂን ነው። የነጥብ ሥዕሉን የሞከራችሁ ካላችሁ የመስኮቱን ስፋት (በአንዴ የሚነጻጸሩትን ፊደሎች ብዛት) ስንት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ፤ የእኔ ገና ብዥ ይላል።