አሥረኛው ቀን ሳይደርስ

ኅዳር 16፣ ማታ

ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ስል ፊቴ ተገንጥሎ የሚወድቅ ይመስለኛል። የላይኛው ጥርሴም ስለሚጠዘጥዘኝ ትናንት የጥርስ ሕመም መስሎኝ ነበር። ሳይነስ ነው፤ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ። ጉንፋኑ የጀመረኝ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ሲሆን፣ በማግስቱ ሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ሲያጥን ጢሱ አባሰብኝ። የማጠኑ ልማድ የሚያስታውሰው የኅዳር በሽታ፣ ማለትም የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኙ፣ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲፈጃት ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ቢኖርም ለተከታዩ የሳንባ ምች እንጂ ለቫይረሱ ባልበጀ።

እኔ ግን መሳቢያዬ ውስጥ አምና ተሻለኝ ብዬ ያቋረጥኩት አሞክሳሲሊን አለኝ፤ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት። ስድስት ፍሬ። ጠዋት ሁለቴ ቆጠርኳቸው።

ሐኪሙ ግን ምንም አላዘዘልኝም። «ንፍጤ አረንጓዴ ሆኗል እኮ!» አልኩት፣ እንደ ማስረጃ። ቀለሙ ከራሴ ነጭ የደም ሴሎች እንደሚመጣና በቫይረስም እንደዚያው እንደሚሆን ነገረኝ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሕመም በራሱ ይድናል። አሥር ቀን አልፎ ካልቀነሰ፣ ወይም ተሽሎኝ እንደገና ካገረሸብኝ፣ ወይም ከ39 ዲግሪ ያላነሰ ትኩሳት ከአፍንጫ መግልና ከፊት ሕመም ጋር ሦስት አራት ቀን ከቆየብኝ ልመለስ። ዓይኔ ዙሪያ ካበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየኝ ወይም አንገቴ ከገተረ ግን በሌሊትም ቢሆን።

እናቴ በስልክ ሰምታ ተናደደች። «አንድ መርፌ ቢወጋሽ ነገ ትነሺ ነበር! ምን ዓይነት ሐኪም ነው?» ከሰዓት በኋላ ግን የባሕር ዛፍ ቅጠል በልጅ ላከችልኝ። ታጠንኩት፤ ፈውስ አልለውም፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ግን ደስ ይላል።

የጠቀመኝ ጨውና ውሃው ነው። አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ሩብ ሊትር ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ከቧንቧ በቀጥታ የተቀዳ አይሆንም። መርፌው በወለቀለት ሲሪንጅ በአንዱ አፍንጫዬ ስገፋው በሌላው ይወርዳል። አስቀያሚ ትዕይንት ነው፤ በሩን ቆልፌ ነው የማደርገው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል። አፍንጫ የሚከፍተውን ጠብታ ከሦስት ቀን በላይ እንዳልጠቀም ተብያለሁ፤ ሲለመድ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል።

ኅዳር 19

ጥርሴ ትቶኛል። የቀኝ አፍንጫዬ ተከፍቷል፤ ግራው ገና ያስቸግረኛል። እናቴ ደወለች። የዳንኩት በባሕር ዛፉ እንደሆነ ወስናለች። አልተከራከርኳትም።