ከቴንስታ እስከ ሐማርቢ፦ ሰፈር በምን ይመዘናል?

ስቶክሆልም የሄድኩት አክስቴን ለመጠየቅ ነው። እሷ የምትኖረው ቴንስታ ነው፤ ከመሀል ከተማ በሰማያዊው የሜትሮ መስመር ወደ ሰሜን ምዕራብ። እኔ ግን ሌላም ጉዳይ ነበረኝ። ስለ ዘላቂ ሰፈር ሲወራ ስሙ የማይቀረውን ሐማርቢ ሾስታድን በእግሬ ዞሬ ማየት ፈልጌ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጠዋት ሶደርማልም ከሚባለው የመሀል ከተማ ደሴት ጀልባ ያዝኩ። ጀልባዋ በነፃ ነው የምታሻግረው። ሰው ብስክሌቱን ይዞ ይገባል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ሉማ የሚባለው የድሮ የአምፖል ፋብሪካ አጠገብ ይወርዳል። ቦታው ቀድሞ የወደብና የኢንዱስትሪ መንደር ነበር፤ አፈሩም የተበከለ። ስቶክሆልም ለ2004 ኦሎምፒክ ስትወዳደር የአትሌቶቹን መንደር እዚህ ልትሠራ አስባ ነበር። በ1997 ዕድሉ ለአቴንስ ወጣ። ዕቅዱ ግን አልቀረም። ከተማዋ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይሠሩ ከነበሩት ሰፈሮች «በእጥፍ የተሻለ» ሰፈር እሠራለሁ ብላ ግብ አስቀመጠች።

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የቆሻሻው ነገር ነው። በየግቢው ክዳን ያላቸው ቱቦዎች ቆመዋል፤ አንዱ ለምግብ ትራፊ፣ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለሚቃጠል ቆሻሻ። አንዲት እናት ልጇን ትምህርት ቤት ልታደርስ ስትወጣ ፌስታሏን ጣል አድርጋ አለፈች። ቆሻሻው በአየር እየተሳበ፣ በመሬት ውስጥ ሄዶ ሰፈሩ ዳር ካለው ማጠራቀሚያ ይደርሳል። የቆሻሻ መኪና በየደጁ አይዞርም። የሚቃጠለው ተቃጥሎ ሙቀትና ኤሌክትሪክ ይሆናል። ፍሳሹም ዝም ብሎ አይደፋም፤ ከዝቃጩ ባዮጋዝ ይወጣል፤ ከተጣራው ውሃ ደግሞ በትልልቅ ፓምፖች ሙቀት ተስቦ ቤት ማሞቂያ ይሆናል። ቆሻሻ ሲበሰብስ እያየ ላደገ ሰው ይሄ ልብ ይነካል። ቆሜ ብዙ አየሁ።

ትራሙም በጊዜው ነው የደረሰው። መስመሩ በ2002 ሐማርቢ ሲደርስ ሰፈሩ ገና እየተሠራ ነበር። አብዛኛው አዲስ ገቢ ዕቃውን ሲያራግፍ ትራሙ ደጁ ነበር ማለት ነው።

ግን ሐማርቢ ሁሉ ነገር የሰመረለት ሰፈር አይደለም። ለኃይል ፍጆታ የተቀመጠው ግብ በዓመት በካሬ ሜትር 60 ኪሎዋት ሰዓት ነበር። ሰው ገብቶ ሲለካ ብዙዎቹ ሕንፃዎች ከዚያ በጣም አልፈው ተገኙ። አንዱ ምክንያት ፊት ለፊት የሚታይ ነው፤ ሁሉም ውሃውን ማየት ስለሚፈልግ መስኮቶቹ ግድግዳ ያህላሉ። የመኪና ማቆሚያም ጥቂት እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ሰው ሲጮህ ተጨመረ። ዕቅድ አውጪዎቹ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ሰዎች ይገባሉ ብለው ጠብቀው ነበር። የገቡት ግን ወጣት ባልና ሚስቶች ናቸው። ልጆች ተወለዱ፤ መዋለ ሕፃናት ጠበበ።

ይሄን ሁሉ የምናውቀው ግቡ ቀድሞ በቁጥር ስለተጻፈና በኋላ ስለተለካ ነው። ለእኔ የሐማርቢ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ከቱቦውም ይበልጥብኛል።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት። ሻይ እየቀዳች ሰማችኝና፣ «ቆንጆ ነው፤ አውቀዋለሁ። የቤቱን ዋጋስ ጠየቅሽ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ልክ ነው። ሰፈርን በነጥብ የሚመዝኑ አሠራሮች አሉ፤ ከታወቁት አንዱ የአሜሪካኑ ሊድ ነው። 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰፈር ፕላቲኒየም ይባላል። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰው ቤት ማዘጋጀት ነጥብ ያስገኛል እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛ ልትኖርበት የማትችለው ሰፈር ከፍተኛውን ማዕረግ ሊይዝ ይችላል። ይሄ ልክ አይመስለኝም።

በማግስቱ ቴንስታን በዚሁ ዓይን ዞርኳት። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 አንድ ሚሊዮን ቤት ለመሥራት በተነሳችበት ዘመን የተሠራች ናት። እግረኛና መኪና መንገዳቸው የተለያየ ነው፤ ልጆች መኪና ሳይፈሩ ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። የልብስ ማጠቢያው ክፍል የጋራ ነው፤ ሰው ሰዓት ይዞ በተራ ያጥባል። ሰፊው የየርቫ መስክ ከሰፈሩ ዳር ይጀምራል። ሜትሮው ቅርብ ነው። ዘላቂነት በወረቀት የሚጠይቀው ብዙው ነገር እዚህ አለ። ግን ስለ ቴንስታ ጋዜጣ የሚጽፈው ሌላ ነው።

የጎደላትም አለ። ቤቶቹ ያረጁ ናቸው፤ ሙቀት ያባክናሉ። ሜትሮውም የመጣው በ1975 ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት ግን በ1960ዎቹ መጨረሻ ስለሆነ ለዓመታት በአውቶቡስ ተንገላተዋል። ይሄን ስሰማ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ዘመዶቼ ትዝ አሉኝ። ቤቱ ደረሰ፤ ታክሲው፣ ውሃውና ትምህርት ቤቱ ግን ቆይቶ ነው የመጣው። ሰው በመጀመሪያው ቀን ከቤቱ ወጥቶ ሥራ በምን ይደርሳል? እኔ ሰፈር ብመዝን ከዚህ ነበር የምጀምረው። ሁለተኛው ጥያቄ የአክስቴ ይሆናል።

ከ2010 በኋላ በየርቫ አካባቢ የተወሰኑ የድሮ ሕንፃዎች ታድሰዋል፤ የኃይል ፍጆታቸውን በግማሽ ያህል ለመቀነስ ታስቦ፣ ጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ፓኔል ተገጥሞ። አክስቴ ግን ከዚህ ጋር የሚነሳውን ሌላ ስጋት ነገረችኝ፦ ከእድሳት በኋላ ኪራይ ይጨምራል። የኃይል ቆጣሪው ወርዶ ተከራዩ መልቀቅ ካለበት፣ እኔ ያንን ውጤት ሙሉ ነው አልለውም።

ከተማዋ አሁን የድሮው የጋዝ ፋብሪካ የነበረበት ቦታ ላይ ሌላ ትልቅ ሰፈር እየሠራች ነው፤ ኖራ ዩርጎርድስስታደን ይባላል። ከሐማርቢ ተምራ፣ ገንቢዎቹ ቃል የገቡትን ብቻ ሳይሆን የተለካውንም ውጤት እንዲያቀርቡ ትጠይቃለች። ይሄ ጥሩ እርምጃ ነው። እኔ የምፈልገው ያው ሪፖርት ለቴንስታም በየዓመቱ እንዲወጣ ነው፤ ኪራዩም ከኪሎዋት ሰዓቱ ጎን ተጽፎ።